በመኝታ ቤት የተከፈተ ቤተ ሙከራ

ተማሪዎች፣ ዶሮ የታቀፈችው እንቁላል ሦስት ሳምንት ያህል ሰንብቶ ጫጩት እንደሚፈለፈልበት ታውቃላችሁ። በዚያ አጭር ጊዜ ውስጥ ከኅብለ ሰረሰር የሚነሡት ነርቮች እስከ ክንፍና እስከ እግር እንዴት ይደርሳሉ? ይህን ጥያቄ ሲመረምሩ ከኖሩት ሊቃውንት አንዷ ኢጣሊያዊቷ ሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ ነበሩ።

ሪታ በ1909 (በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በቶሪኖ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ። አባታቸው ከፍተኛ ትምህርት ለሴት ልጅ የትዳር እንቅፋት ይሆናል ብለው ያምኑ ስለነበር መጀመሪያ አልፈቀዱላቸውም። በኋላ ግን ተስማሙ፤ ሪታም በ1936 በሕክምና ተመረቁ። በ1938 የሙሶሊኒ መንግሥት፣ ያን ጊዜ አገራችንን ወሮ ይዞ የነበረው ማለት ነው፣ አይሁዶችን ከዩኒቨርስቲ የሚያባርር ሕግ አወጣ።

ሪታ በመኝታ ክፍላቸው ቤተ ሙከራ ከፈቱ። የልብስ መስፊያ መርፌ ስለው የቀዶ ጥገና መሣሪያ አደረጉት። የቀድሞ መምህራቸው ጁሴፔ ሌቪም (በስም ይመሳሰላሉ እንጂ አይዛመዱም) ከሥራ ተባረው ስለነበር መጥተው ረዳታቸው ሆኑ። እንዲህ ያለ መምህር በየቦታው አይገኝም።

በትውልድ ጀርመናዊ የሆኑት ቪክቶር ሐምቡርገር በ1934 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ከጫጩት ፅንስ ላይ ክንፍ የሚሆነው እምቡጥ ቢቆረጥ ወደዚያ የሚሄዱት የነርቭ ሕዋሳት ቁጥር እንደሚያንስ ገልጸው ነበር። ምክንያቱ፣ እንደ እርሳቸው አሳብ፣ ሕዋሳቱ ወደ ነርቭነት ሳይለወጡ መቅረታቸው ነው። ሪታ ይህንኑ መሰል ሙከራ አድርገው የፅንሱን ዕድገት ደረጃ በደረጃ በማይክሮስኮፕ ተከታተሉ። ሕዋሳቱ ወደ ነርቭነት ተለውጠዋል፤ ወደ ክንፉም መዘርጋት ጀምረዋል፤ የሚደርሱበትን አካል ሲያጡ ግን ይሞታሉ። «አልተወለደም» በማለትና «ተወልዶ ሞተ» በማለት መካከል ያለውን ልዩነት ልብ በሉ። ተወልዶ ከሞተ በሕይወት የሚያቆየው አንድ ነገር ጎድሎታል ማለት ነው። ያ ነገር ምንድን ነው?

ቶሪኖ በአውሮፕላን ስትደበደብ ቤተ ሙከራው ወደ ገጠር ተዛወረ፤ በ1943 ጀርመኖች ሲገቡም ቤተሰቡ ፍሎረንስ ውስጥ ተደበቀ። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1947፣ ሐምቡርገር አሳባቸውን ያረመችባቸውን ሴት ራሳቸው ወደ አሜሪካ፣ ወደ ሴንት ሉዊስ ጋበዟት። ሪታ ለጥቂት ወራት ብለው ሄደው ሠላሳ ዓመት ያህል ቆዩ።

በ1952 ዕጢ የወጣባቸውን አይጦች ይዘው ወደ ሪዮ ዴ ጃኔሮ በረሩ። በዚያም የነርቭ ሕዋሳትን ከዕጢው ቁራጭ አጠገብ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ቢያሳድጉ፣ በአንድ ቀን ውስጥ ክሮቹ እንደ ፀሐይ ጨረር በዙሪያው ፈነጠቁ። ዕጢው አንድ ነገር ያመነጫል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ንጥረ ነገሩን የመለየቱን ሥራ የኬሚስትሪ ሊቁ ስታንሊ ኮኸን ያዙት። እርሳቸው ለምርመራው እንዲረዳ ብለው የእባብ መርዝ ቢጨምሩ፣ መርዙ ራሱ ከዕጢው ይበልጥ ያንን ንጥረ ነገር የያዘ ሆኖ ተገኘ። መርዝ የሚወጣው ከምራቅ ዕጢ ጋር ከሚመሳሰል ዕጢ ስለሆነ የአይጥን የምራቅ ዕጢ ቢመረምሩ እዚያም በብዛት አገኙት። ፕሮቲን ነበር፤ የነርቭ አሳዳጊ ተብሎ ተሰየመ።

ሪታና ኮኸን በ1986 የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ። ሐምቡርገር አለመጨመራቸው ብዙ ሊቃውንትን አነጋግሯል። ሪታ በ2012 በ103 ዓመታቸው ሮማ ውስጥ ዐረፉ።