የጎልፍ ካርት አሽከርካሪዎችና ጂፒኤስ፦ ቦታውን እንጂ ተሽከርካሪውን የማያውቀው መሣሪያ

በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት፣ በርካታ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባት ከአትላንታ በስተደቡብ ምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ፒችትሪ ሲቲ እ.ኤ.አ በ1959 የከተማነት እውቅና ያገኘች ስትሆን፣ በ2020 በተካሄደው ቆጠራ ከ38 ሺህ በላይ ነዋሪዎች ነበሯት። ከተማዋን ከሌሎች የአሜሪካ ከተሞች የሚለያት ግን በውስጧ የተዘረጋው ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው ጠባብ የአስፋልት መንገድ ነው። በዚህ መንገድ ላይ ከእግረኞችና ከብስክሌተኞች ሌላ ጎልፍ ካርት በመባል የሚታወቁት አነስተኛ ተሽከርካሪዎች ይመላለሳሉ። ነዋሪዎቿ ወደ ገበያና ወደ ጎረቤት፣ ተማሪዎቿም ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በካርት መሄዳቸው የተለመደ ነው። በፍሎሪዳ ግዛት የሚገኘው ዘ ቪሌጅስ የተሰኘው ሰፊ የጡረተኞች መኖሪያም በተመሳሳይ አኗኗር ይታወቃል።

ለጨዋታ ሜዳ የተሠራው ተሽከርካሪ የዕለት ተዕለት መጓጓዣ ሲሆን አሽከርካሪው መንገድ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄውን የሚያቀርበውም እንደማንኛውም ሰው ለኪስ ስልኩ ነው። ይሁንና ለመኪና ተብሎ የተዘጋጀው የአቅጣጫ መተግበሪያ በርም ሆነ የአደጋ መከላከያ አካል የሌለውን፣ በአብዛኛው በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የሚጓዘውን ካርት ከባድ የጭነት መኪናዎች ወደሚፈሱበት አውራ ጎዳና ሊመራው ይችላል። ጉዳዩ የምቾት ብቻ ያልሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ጂፒኤስ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ በ1973 የጀመረው ፕሮግራም ውጤት ሲሆን የመጀመሪያዋ ሳተላይት የመጠቀችው በ1978 ነበር። ሳተላይቶቹ ከምድር 20 ሺህ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆነው ያሉበትን ቦታና በአቶሚክ ሰዓት የሚለካውን ጊዜ ያለማቋረጥ ያሰራጫሉ። ስልኩ መልእክቱ የተላከበትንና የደረሰበትን ጊዜ በማነጻጸር ከእያንዳንዷ ሳተላይት ያለውን ርቀት ያሰላል። የራሱ ሰዓት እንደ ሳተላይቶቹ ትክክለኛ ባለመሆኑም ቢያንስ የአራት ሳተላይቶችን ምልክት ማግኘት ይኖርበታል። የሬዲዮ ሞገድ በሰከንድ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ የአንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ ስህተት 300 ሜትር የሚያህል የቦታ መዛነፍ ያስከትላል።

እስከ እ.ኤ.አ ግንቦት 2000 ድረስ ለሲቪል ተጠቃሚዎች የሚደርሰው ምልክት ሆን ተብሎ እንዲዛባ ይደረግ ስለነበር ስህተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። አሠራሩ በፕሬዚዳንት ክሊንተን ውሳኔ ከቀረ በኋላ መሣሪያዎቹ ለመንገድ ላይ አገልግሎት አመቺ ሆነዋል። ዛሬ አንድ ስማርት ስልክ ገላጣ ሰማይ ሥር ሲሆን በአብዛኛው አምስት ሜትር በሚጠጋ ልዩነት ቦታውን ያውቃል። ጥቅጥቅ ባለ የዛፍ ጥላ ሥር፣ በሕንጻዎች መካከልና በድልድይ ሥር ግን ልዩነቱ ይሰፋል፤ በዋሻ ውስጥ ምልክቱ እስከነጭራሹ ይጠፋል።

በጎልፍ ሜዳ ላይ ይህ መጠን ከበቂ በላይ ነው። እ.ኤ.አ ከ1990ዎቹ ጀምሮ በካርቶች ላይ መገጠም የጀመሩት የጂፒኤስ ስክሪኖች ከካርቱ እስከ ግሪን፣ ማለትም ጉድጓዱ እስከሚገኝበት የለሰለሰ ሣር ድረስ ያለውን ርቀት ያሳያሉ። የሜዳው አስተዳደርም የትኛው ካርት የት እንደደረሰ ከቢሮው ሆኖ ይከታተላል፤ ካርቱ ወደተከለከለ ሣር ሲቃረብ ፍጥነቱን የሚቀንሱ ወይም የሚያቆሙት ዓይነቶችም አሉ። የጨዋታውን ደንብ በጋራ የሚያወጡት የአሜሪካው ዩኤስጂኤና የስኮትላንዱ አር ኤንድ ኤ የርቀት መለኪያን በአካባቢ ደንብ መፍቀድ የጀመሩት እ.ኤ.አ በ2006 ሲሆን፣ ከ2019 ወዲህ በመደበኛው ደንብ ተፈቅዷል። የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ መለካት ግን በዚሁ ደንብ የተከለከለ ነው። በሜዳው ላይ መሣሪያው ተዓማኒ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ካርታው የተሠራው ለካርት ነው።

ከሜዳው ውጭ ሁኔታው ይለወጣል። እንደ ጉግል ማፕስ ያሉ የታወቁ መተግበሪያዎች ለመኪና፣ ለእግረኛና ለብስክሌት መንገድ የሚመርጡ ሲሆን ለጎልፍ ካርት ግን ለብቻው የተዘጋጀ ምርጫ አይሰጡም። በመኪና ምርጫ ላይ ያለ መተግበሪያ ደግሞ ሌላም ልማድ አለው። የሳተላይቱ ልኬት ጥቂት ሜትሮች እንደሚዛነፍ ስለሚያውቅ ተሽከርካሪውን በአቅራቢያው ከሚገኝ የመኪና መንገድ ጋር ያጣብቀዋል። የካርቱ መንገድ ከአውራ ጎዳናው በስምንት ወይም በአሥር ሜትር ርቀት ጎን ለጎን ሲሄድ ስልኩ አሽከርካሪው ጎዳናው ላይ ነው ብሎ ያምናል፤ “ወደ ቀኝ ታጠፍ” የሚለው ትእዛዝም መታጠፊያ በሌለበት ይመጣል። በፒችትሪ ሲቲ 54 እና 74 ቁጥር የተሰጣቸው የግዛቱ አውራ ጎዳናዎች ለካርት የተከለከሉ ሲሆኑ ካርቶች የሚሻገሯቸው በተለዩ ድልድዮችና የውስጥ ለውስጥ መተላለፊያዎች ነው። ለመኪና የተዘጋጀው መተግበሪያ ግን እነዚህን መተላለፊያዎች በመንገድነት አይቆጥራቸውም።

አውራ ጎዳናን እንዲያስወግድ መተግበሪያውን ማዘዝ አንዱ አማራጭ ቢመስልም ትእዛዙ በዋናነት ፈጣን መንገዶችን የሚመለከት በመሆኑ የትራፊክ መብራት ያላቸውን ሰፋፊ ጎዳናዎች ላያካትት ይችላል። የብስክሌት ምርጫ ከመኪናው ይሻላል፤ ጠባቦቹን መንገዶችም ያሳያል። ነገር ግን ብስክሌት በሚፈቀድበት ሁሉ ካርት ይፈቀዳል ማለት አይደለም። መድረሻ ሰዓቱም የተዛባ ነው። ስድስት ኪሎ ሜትር በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለሚጓዝ መኪና የስድስት ደቂቃ መንገድ ሲሆን ለካርቱ ግን 15 ደቂቃ ይፈጃል። ባትሪው እየደከመ ላለ አሽከርካሪ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ሕጉም ቢሆን ለስልኩ አዳጋች ነው። እ.ኤ.አ በ1998 የወጣው የፌዴራል ደንብ በሰዓት ከ32 እስከ 40 ኪሎ ሜትር መጓዝ የሚችሉትን ባለ አራት ጎማ ተሽከርካሪዎች ዝቅተኛ ፍጥነት ያላቸው ብሎ ለይቶ መብራት፣ መስታወትና የደህንነት ቀበቶ እንዲኖራቸው አስገድዷል። በፍሎሪዳ እነዚህ ተሽከርካሪዎች የፍጥነት ወሰናቸው በሰዓት 56 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በታች በሆኑ መንገዶች እንዲሄዱ ሲፈቀድ፣ ተራ ጎልፍ ካርት ግን በአብዛኛው የአካባቢው አስተዳደር በለየለት መንገድ ብቻ ይወሰናል። ሁለቱ በመልክ መንትያ ሊመስሉ ይችላሉ፤ ስልኩ የተቀመጠው በየትኛው ላይ እንደሆነ ግን አያውቅም።

ስልኩን በካርቱ ላይ ኃይል መሙላትም የራሱ ጣጣ አለው። አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ ካርቶች በ36 ወይም በ48 ቮልት የሚሠሩ ሲሆን ኃይሉን የሚያገኙት ባለ 6፣ ባለ 8 ወይም ባለ 12 ቮልት ባትሪዎችን በተከታታይ በማገናኘት ነው። አንዳንዶች 12 ቮልት ለማግኘት ሲሉ ከረድፉ መካከል ከአንድ ወይም ከሁለት ባትሪ ብቻ ሽቦ ይጎትታሉ። የስልክ ፍጆታ ትንሽ ቢሆንም ስክሪንና የፊት መብራት ሲታከሉበት እነዚያ ባትሪዎች ከሌሎቹ ቀድመው ይዳከማሉ። ቻርጀሩ የሚያየው ጠቅላላውን ድምር ስለሆነ የተዳከሙት ሳይሞሉ ይቀራሉ፤ የቀሩት ደግሞ ከልክ በላይ ይሞላሉ፤ በዚህም የሙሉው ረድፍ ዕድሜ ያጥራል። ትክክለኛው አሠራር ከጠቅላላው ረድፍ ኃይል ወስዶ ወደ 12 ቮልት የሚያወርድ ኮንቨርተር መጠቀምና ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ ማድረግ ነው። ገንዘብ ቆጥቦ ባትሪ መግዛት ትርፉ አይታየንም።

ክፍት በሆነ ተሽከርካሪ ላይ ፀሐይም አለ። አፕል ስልኮቹ እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ የአካባቢ ሙቀት እንዲሠሩ የሚመክር ሲሆን፣ በበጋ ከሰዓት በኋላ በካርት ላይ በቀጥታ ለፀሐይ የተጋለጠ ስልክ ስክሪኑን ቢያደበዝዝ አያስገርምም። መያዣውን ከጣሪያው ጥላ ሥር ማድረግ ይረዳል። በጆርጂያ እ.ኤ.አ ከ2018 ጀምሮ አሽከርካሪ ስልክ በእጁ ይዞ እንዳይነዳ በሕግ የተከለከለ በመሆኑም መያዣ መግጠሙ ተመራጭ ነው።

የሞባይል ኔትወርክ በሚጠፋበት ቦታ የጂፒኤሱ ምልክት አብሮ አይጠፋም፤ የሚጠፋው ካርታው ነው። ስለዚህ የአካባቢውን ካርታ አስቀድሞ ስልኩ ላይ ማውረድ ያስፈልጋል። የፒችትሪ ሲቲ አስተዳደር የካርት መንገዶቹን ካርታ ለሕዝብ ያቀርባል። በጎ ፈቃደኞች በሚያዘጋጁት ኦፕን ስትሪት ማፕ ላይም አንድ መንገድ ለጎልፍ ካርት የተፈቀደ መሆን አለመሆኑን ለይቶ መመዝገብ ይቻላል። ነዋሪዎች መንገዳቸውን እያስመዘገቡ በሄዱ ቁጥር ይህን መረጃ የሚያነቡ መተግበሪያዎች አሽከርካሪውን ወደ ድልድዩ ይመሩታል፤ ያልተመዘገበውን መተላለፊያ ግን ለጊዜው የሚያሳየው መንገዱ ዳር የቆመው ምልክት ብቻ ነው።