ሾላ በድፍን፦ ስለ ሾላ ዛፍና ስለ ተርቡ የጋራ ዝግመተ ለውጥ

አንድ ጉዳይ ሳይዘረዘርና ሳይመረመር በጅምላ ሲነገር «ሾላ በድፍን» ይባላል። አባባሉ ከፍሬው ጠባይ ጋር የሚስማማ ነው። ከውጭ ሲያዩት ያማረው ሾላ ሲከፈት በጥቃቅን ነፍሳት ተሞልቶ ሊገኝ ስለሚችል፣ ሳይከፍት መብላትን የሚመርጠው ሰው ብዙ ነው። በትምህርት ቤትም ይኸው ዛፍ በድፍኑ ሲታለፍ ይታያል። ስለ ርክበ ብናኝ በሚሰጠው ትምህርት ንብና ቢራቢሮ ይጠቀሳሉ፤ በዕፀዋትና በነፍሳት መካከል ስላለው የጋራ ዝግመተ ለውጥ ሲነገር ደግሞ ምሳሌው ከሩቅ አገር ይመጣል። «ሾላ ሳያብብ ያፈራል» የሚለው የቆየ እምነት ግን ሳይነካ ይቀራል።

ለሐረር መምህር ምሳሌው ሩቅ አይደለም። በ16ኛው ምዕተ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን ከታነፀው የጀጎል ግንብ በምሥራቁ በር፣ በአርጎብ በሪ፣ ወጥቶ ወደ ኤረር ሸለቆና ወደ ባቢሌ የሚወርድ ሰው፣ ደጋማው አረንጓዴነት እየሳሳ ግራሩ፣ ቁልቋሉና ሬቱ እየበዛ ሲሄድ ያያል። በዚህ ደረቅ ምድር ሾላ ሥሩን ወደ አሸዋማው ወንዝ እየሰደደ፣ ውኃው ከላይ በማይታይበት ወራት ሳይቀር ለምልሞ ይቆያል። በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ኦዳ የሚባለውና የገዳ ጉባኤ የሚካሄድበት ዛፍ ይኸው ነው፤ በምዕራብ ሐረርጌ የሚገኘው ኦዳ ቡልቱም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። በሳይንሳዊ ስሙ ፊከስ ሲኮሞረስ ይባላል።

ሾላ ያብባል። የሚያብበው ግን ወደ ውስጥ ነው። ሰው ፍሬ የሚለው ክፍል በእርግጥ እንደ ከረጢት የተዘጋ የአበቦች ማኅደር ሲሆን፣ በውስጠኛው ግድግዳ ላይ እጅግ ብዙ ጥቃቅን አበቦች ተደርድረዋል። ወደ ውስጥ የሚያስገባው ጫፉ ላይ ያለች፣ በቅርፊቶች የተደፈነች አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ናት። ንብ በዚያ አትገባም፤ ነፋስም ብናኝ አያደርስም። የሚገባው ርዝመቱ 2 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ፣ ሴራቶሶለን አራቢከስ የተባለ ተርብ ነው። በቤት ጣሪያ ሥር ጎጆ ከሚሠራው ተናዳፊ ተርብ ጋር የሩቅ ዘመድ ቢሆንም ሰውን አይነድፍም።

እንስቷ ተርብ ለርክበ ብናኝ የደረሰውን ፍሬ የምታገኘው በመዓዛው ነው። በቅርፊቶቹ መካከል ተሽሎክሉካ ስትገባ ክንፎቿና የመዳሰሻ ቀንዶቿ ጫፎች ይሰበራሉ፤ ከእንግዲህ መውጫ የላትም። ከተወለደችበት ፍሬ በደረቷ ላይ ባሉ ኪሶች ይዛ የመጣችውን ብናኝ በእግሮቿ እያወጣች በሴቴ አበቦች ላይ ታደርጋለች፤ በአንዳንዶቹም ውስጥ ዕንቁላሏን ጥላ እዚያው ትሞታለች። ዕንቁላል የተጣለባቸው አበቦች አብጠው የእጮች ማደጊያ ሲሆኑ ሌሎቹ ዘር ይሆናሉ። ከሳምንታት በኋላ ክንፍ የሌላቸው ወንዶች ቀድመው ይወጡና እንስቶቹን ገና በእብጠቱ ውስጥ ሳሉ ያጠቃሉ፤ ቀጥሎም የፍሬውን ግድግዳ ሰርስረው መውጫ ያበጃሉ። ወንዴ አበቦቹ ብናኛቸውን የሚያደርሱት በዚሁ ሰዓት ነው። አዲሶቹ እንስቶች ኪሳቸውን ሞልተው ይበራሉ፤ ፍሬውም ከዚህ በኋላ ለስልሶ ይበስላል።

እዚህ ላይ መምህሩ ሊጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። «ሾላው ለተርቡ ብሎ ቀዳዳ አበጀ፣ ተርቡም ለሾላው ብሎ ኪስ ሠራ» ብሎ ማስተማር ይቀናል፤ ነገር ግን ስሕተት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ውል ብቻ ሳይሆን ክርክርም ነው። የሾላ ሴቴ አበቦች አንገታቸው እኩል አይደለም፤ አጭርም ረዥምም አላቸው። ተርቧ ዕንቁላሏን በቀላሉ የምታደርሰው አንገታቸው አጭር በሆኑት ውስጥ ሲሆን፣ ረዣዥሞቹ በአብዛኛው ለዘር ይተርፋሉ። ተርቦች ሁሉንም አበቦች ቢይዙ ኖሮ ዛፉ ያለ ዘር በቀረ ነበር፤ ዛፉ ሁሉንም ቢከለክል ብናኙን የሚያደርስለት ባልተገኘ ነበር። በየትውልዱ ከሚታየው ልዩነት መካከል ሁለቱንም ያዘለቀው ተመርጦ ቀርቷል። የሾላ ወገኖችና የተርቦቻቸው ትስስር ከ60 ሚሊዮን ዓመት በላይ እንደሆነው ይገመታል።

ውሉን የሚያፈርስም አልጠፋም። ሴራቶሶለን ጋሊሊ የተባለ የቅርብ ዘመድ ወደዚያው ፍሬ ገብቶ ዕንቁላሉን ይጥላል፤ ብናኝ ግን በአበቦቹ ላይ አያደርግም። ኪሶቹ አሉ፤ ሥራው ቀርቷል። የማይጠቅም ተጓዳኝ ከሚጠቅም ወገን ሊገኝ እንደሚችል ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም።

ተርቡ በሌለበት ዛፉ ምን እንደሚሆን ከግብፅ መማር ይቻላል። ሾላ በዚያ በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት ሲለማ ኖሯል፤ ብናኝ አድራሹ ተርብ ግን አብሮት አልተሻገረም። ስለዚህ ዛፉ የሚራባው ሰው ቆርጦ በሚተክለው ቅርንጫፍ ነው። ፍሬው እንዲበስልም ገበሬው ገና ጥሬ ሳለ በቢላ ይጭረው ነበር፤ እንዲህ የተጫረ ሾላ በጥንት መቃብሮች ውስጥ ተገኝቷል። ሰው እጁን ቢያነሣ ዛፉ በዚያ ምድር በዘር የሚተካበት መንገድ የለውም።

ነገሩ ለዕቅድ አውጪዎች ያለው ፍሬ ነገር ከዚህ ላይ ይጀምራል። እንስቷ ተርብ ከወጣች በኋላ የምትኖረው አንድ ወይም ሁለት ቀን ነው። በዚያ አጭር ጊዜ ውስጥ አንድ ሌላ ሾላ ለርክበ ብናኝ የደረሰ ፍሬ ይዞ መገኘት አለበት። ዛፎቹ ሁሉም በአንድ ወቅት ስለማያፈሩ ዓመቱን ሙሉ ተረኛ አይጠፋም፤ ቁጥራቸው ሲመናመን ግን ተራው ይቋረጣል። በሌላ በኩል፣ ብቻውን የቆመ ሾላ ከንቱ ነው ብሎ መደምደም አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት እንዳረጋገጠው፣ በናሚብ በረሃ በኡጋብ ወንዝ ዳር በሚገኙ ሾላዎች መካከል ይኸው ተርብ በነፋስ እየተወሰደ እስከ 160 ኪሎ ሜትር ርቀት ብናኝ አድርሷል። ይህ ከሐረር ጅጅጋን አልፎ የሚሄድ ርቀት ነው። ስለሆነም ለመንገድ ወይም ለመስኖ ሲባል በአንድ ወረዳ የሚቆረጥ የወንዝ ዳር ሾላ የሌላ ወረዳ ጉዳይም ይሆናል። በደረቁ ወራት ሌላው ፍሬ ሲጠፋ በሾላ የሚኖሩት ወፎች፣ የሌሊት ወፎችና ዝንጀሮዎችም ከዚያው ተራ ላይ ተመጋቢ ናቸው። በጀጎል ውስጥና ዙሪያ ካሉት 102 አዋቾች ብዙዎቹ ከትልልቅ ዛፎች ጋር የተያያዙ በመሆናቸው፣ ነዋሪው በአክብሮት ያቆያቸው ዛፎች ከማንኛውም የጥበቃ መመሪያ በፊት የነበሩ መሆናቸውም ሊታወስ ይገባል።

በተቃራኒው፣ ከባላንጣው ተለይቶ የመጣ ተክል ምን እንደሚያደርግ የባሕር ቁልቋል ያሳያል። (በጥንቱ መጻሕፍት በለስ የሚባለው የሾላ ዘመድ ነው፤ ዛሬ በብዙ ቦታ ስሙን የወረሰው ይህ የአሜሪካ ተክል ነው፤ ተማሪዎች በዚህ ስለሚደናገሩ አስቀድሞ ማስረዳት ይጠቅማል።) ተክሉ አብረውት የተለወጡት ነፍሳት በሌሉበት አገር ያለ ልክ ይስፋፋል። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1926 ከአርጀንቲና የመጣ የእሳት ራት ለቅቃ አብዛኛውን አጥፍታዋለች። በትግራይ ደግሞ ተክሉ የሰው ምግብና የከብት መኖ ስለሆነ ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኗል። ለቀይ ቀለም ምርት ተብሎ የገባው ኮቺኒል የተባለ ነፍሳ ከቁጥጥር ወጥቶ የገበሬውን በለስ ሲያደርቅ ታይቷል። አንዱን ተጓዳኝ ማምጣት የሌላውን ሒሳብ መክፈት ነው።

ለክፍል ውስጥ ሥራ የሚያስፈልገው ምላጭ፣ ማጉያ መነጽርና ጥቂት ሾላ ነው። ከአንድ አካባቢ በተለያየ የዕድገት ደረጃ ላይ ያሉ አምስት ስድስት ፍሬዎች ተለቅመው ከቀዳዳው ወደ እንብርቱ ለሁለት ይሰንጠቁ። በለጋው ፍሬ ቀዳዳ ላይ የተሰበሩ ክንፎች፣ በውስጡም የሞተች እንስት ሊገኙ ይችላሉ፤ በጎለመሰው ውስጥ እብጠቶቹና ዘሮቹ ጎን ለጎን ይታያሉ። ሊበስሉ የተቃረቡ ሁለት ፍሬዎች ሳይሰነጠቁ በጠርሙስ ተደርገው አፉ በስስ ነጠላ ይታሰር። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ተርቦቹ በጨርቁ ሥር ሊታዩ ይችላሉ፤ ተማሪዎችም ስንቱ ባለ ክንፍ፣ ስንቱ ክንፍ አልባ እንደሆነ ቆጥረው ይመዝግቡ። ነፍሳት ያለበትን ሾላ በጾም መብላት ይፈቀድ እንደሆነ የሚጠይቅ ልጅ አይጠፋም። ጥያቄው ለሃይማኖት አባቶች ይተላለፍ፤ እንስቶቹ ፍሬው ከመለስለሱ በፊት ወጥተው የሚሄዱ መሆናቸውን ግን ቀዳዳውን ፈልጎ ራሱ እንዲያይ ይደረግ።