ዋጋው ትንሽ፣ ሒሳቡ ብዙ የሆነው የካልሲ ስጦታ

በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር ዲሴምበር 24 ማታ ልጆች ከመተኛታቸው በፊት ካልሲያቸውን በእሳት ምድጃው አጠገብ ወይም በአልጋቸው ግርጌ ይሰቅላሉ። ሌሊት ወላጆች ጥቃቅን ስጦታ እየጠቀጠቁ ይሞሉታል። ጠዋት ልጆቹ «የገና አባት አመጣልን» እያሉ ይበረብሩታል። ብስክሌቱን የመሰለው ትልቁ ስጦታ ተጠቅልሎ ከዛፉ ሥር ይቀመጣል። የካልሲው ስጦታ ግን ሌላ ነው። ትንሽ፣ ርካሽና ብዙ መሆን አለበት።

ልማዱን ከቅዱስ ኒቆላዎስ ጋር የሚያያይዝ አፈ ታሪክ አለ። ቅዱሱ መዳሪያ ላጡ ሦስት እህትማማቾች በመስኮት የወረወረው ወርቅ እንዲደርቅ ከተሰቀለ ካልሲ ውስጥ ገባ ይባላል። በካልሲው ጫፍ ብርቱካን የሚጨመረውም የዚያ ወርቅ ምሳሌ ሆኖ ነው ይላሉ። ለነጋዴ ዓይን ግን ካልሲው መለኪያ ነው። የዕቃውን መጠን ይወስናል፤ መጠኑ ደግሞ ዋጋውን ይወስናል።

ለመሆኑ ይህ ገበያ እንዴት ይሠራል? ከዚህ ከአንድ ዶላር ብዙም ከማይርቅ ዕቃ ትርፍ የሚገኘው ከየት ነው? ኪሳራውስ የሚመጣው በየት በኩል ነው? በተለይ «ለልጅ ትምህርት ይሰጣል» ተብሎ የሚሸጠውን ሸቀጥ ይዘን እንመልከተው።

ጣሪያ ያለው ዋጋ

ሦስት ልጆች ያሉት ቤት ለእያንዳንዱ ልጅ አምስት አምስት ዕቃ ቢገዛ በጠቅላላው 15 ዕቃ ይሆናል። አንዱ 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ከሆነ ሒሳቡ 18 ዶላር ከ75 ሳንቲም ነው። አንዱ 5 ዶላር ከሆነ ግን 75 ዶላር ይደርሳል። ገዢው ከዛፉ ሥር ለሚቀመጠው ትልቅ ስጦታ ገንዘቡን ስላወጣ ለካልሲው የሚመድበው የቀረውን ነው። ስለዚህ ዋጋው ጣሪያ አለው።

ይህን ጣሪያ የንግድ ሥራ መሠረት ያደረጉ ድርጅቶች አሉ። በ1986 እ.ኤ.አ. በቨርጂኒያ የተጀመረው ዶላር ትሪ ዕቃውን ሁሉ በ1 ዶላር እየሸጠ ከ30 ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ፣ መነሻ ዋጋውን ወደ 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ከፍ ማድረጉን ያስታወቀው በኖቬምበር 2021 ነበር። የ25 ሳንቲም ጭማሪ በአገሩ ትልቅ የጋዜጣ ወሬ ሆኖ ነበር። በ2002 የተቋቋመው ፋይቭ ቢሎው ደግሞ ስሙን ያወጣው ከ5 ዶላር በታች ከሚለው ዋጋ ነው። ከዚህ የምንረዳው በዚህ ገበያ ነጋዴው ዋጋ አውጥቶ ዕቃ እንደማይፈልግለት ነው። ዋጋው አስቀድሞ ተወስኗል፤ የነጋዴው ሥራ ለዚያ ዋጋ የሚሆን ዕቃ መፈለግ ነው።

«ያስተምራል» ሲባል

ካልሲው በከረሜላ ብቻ ቢሞላ ወላጅ ቅር ይለዋል። ሁለት ዶላር ሳይሞላ ልጁ የሚማርበት ነገር ካገኘ ግን ሳያመነታ ያነሳዋል። ታዲያ «ትምህርታዊ» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ዕቃ አይሸጥም። ወላጁ ዕቃውን ከመደርደሪያ አንስቶ እስኪመልስ ባለው ጊዜ ውስጥ ልጁ ምን እንደሚማርበት ሊገባው ይገባል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ክራዮላ የተባለው የሰም ቀለም ነው። ቢኒ ኤንድ ስሚዝ የተባለው ኩባንያ ቀደም ብሎ ለትምህርት ቤቶች የሰሌዳ መጻፊያና አቧራ የማያስነሣ ጠመኔ ያቀርብ ነበር። መምህራን ርካሽና ጥሩ ቀለም እንዳጡ ተረድቶ በ1903 ስምንት ቀለም የያዘ ፓኮ በ5 ሳንቲም አወጣ። ኩባንያው ገዢውን ያገኘው ክፍል ውስጥ ነው።

ፕሌይ ዶ የሚባለው ለስላሳ ሊጥም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። መጀመሪያ የተሠራው በከሰል ጭስ የጠቆረ የግድግዳ ወረቀት ለማጽዳት ነበር። ቤቶች በጋዝ መሞቅ ሲጀምሩ ገበያው ቀዘቀዘ። አንዲት የሕፃናት መምህርት ልጆች ቅርጽ እንዲሠሩበት ስታደርግ ግን አዲስ ገበያ ተከፈተለት፤ በ1956 መጫወቻ ሆኖ ለገበያ ቀረበ። ፋብሪካው ባይለወጥም ገዢው ተለወጠ።

የገናን ጉልበት የሚያሳየው ደግሞ ስሊንኪ የተባለው ሞላ ነው። መሐንዲሱ ሪቻርድ ጄምስ በ1945 የገና ገበያ በፊላደልፊያ ጊምበልስ መደብር ውስጥ በተዘቀዘቀ ሰሌዳ ላይ እየወረደ እንዲታይ አደረገው። ያቀረባቸው 400 ሞላዎች እያንዳንዳቸው በ1 ዶላር በ90 ደቂቃ ውስጥ አለቁ። ይህ መጫወቻ እስከ ዛሬ ድረስ የፊዚክስ መምህራን ሞገድ የሚያስረዱበት ዕቃ ነው። ሞላውን የሸጠው በዓይን መታየቱ እንጂ በፓኮው ላይ የተጻፈ ማብራሪያ አልነበረም።

በዛሬው ገበያም የሚመረጠው ይኸው ዓይነት ነው። ማጉያ መነፅር፣ አቅጣጫ ጠቋሚ ኮምፓስ፣ የማባዛት ካርድ፣ የመለኪያ ሜትር፣ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ከባለ ቀለም እርሳስ ጋር፣ በፓኮ የታሸገ የአበባ ዘር ይገኙበታል። የጋራ ባሕርያቸው አንድ ነው፤ እያንዳንዱ አንድ ነገር ያስተምራል፣ መመሪያ ማንበብም አያስፈልገውም።

ትርፉን የሚበላው ቀን ነው

ብዙው የገና ሸቀጥ የሚሰበሰበው በቻይና ዠጂያንግ ክፍለ ሀገር ከምትገኘው ከዪው ከተማ ነው። በዚያ የጅምላ ገበያ ከ70 ሺህ በላይ ሱቆች አሉ። የእኛም አስመጪዎች ከተማዋን ጠንቅቀው ያውቋታል። ለዲሴምበር የሚሆነው ዕቃ ከፋብሪካ የሚወጣው በአብዛኛው በበጋቸው፣ ማለትም በእኛ ክረምት ነው። በ2021 በሎስ አንጀለስና በሎንግ ቢች ወደቦች ፊት በደርዘን የሚቆጠሩ መርከቦች ተራ ሲጠብቁ፣ የብዙ አስመጪ የገና ዕቃ ባሕር ላይ ቀርቶ ነበር።

መዘግየት ምን እንደሚያስከትል በምሳሌ እንየው። አንድ አስመጪ 20 ሺህ ማጉያ መነፅር አዘዘ እንበል። ፋብሪካው አንዱን በ25 ሳንቲም ያስረክበዋል። ማጓጓዣው፣ ማሸጊያው፣ ቀረጡና ምርመራው 15 ሳንቲም ቢጨምር አንዱ ዕቃ 40 ሳንቲም፣ ጠቅላላው 8 ሺህ ዶላር ፈጀ ማለት ነው። ለቸርቻሪ በ60 ሳንቲም ሲያስረክብ 12 ሺህ ዶላር ይሰበስባል። ትርፉ 4 ሺህ ዶላር ነው።

አሁን ደግሞ 7 ሺው ዕቃ ዘግይቶ ከበዓሉ በኋላ ደረሰ እንበል። በወቅቱ የደረሰው 13 ሺህ ዕቃ 7,800 ዶላር ያስገባል። የዘገየውን በ15 ሳንቲም ቢያራግፈው የሚያገኘው 1,050 ዶላር ነው። ጠቅላላ ገቢው 8,850 ዶላር ይሆናል። ትርፉ ከ4 ሺህ ወደ 850 ዶላር ወረደ። የበዓል በግ በበዓሉ ማግስት ምን ዋጋ እንደሚያወጣ ለሚያውቅ ነጋዴ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ልዩነቱ በጉን ወደ ቤት ይዞ መመለስ መቻሉ ነው፤ የመጋዘን ኪራይ የሚከፈልበት ኮንቴይነር ግን የት ይወሰዳል?

በዚህ ረገድ ልምድ ያላቸው ነጋዴዎች የሚጠቀሙበት ብልሃት አለ። የገና አባትን ሥዕል በዕቃው ላይ ወይም በዋናው ፓኮ ላይ አያሳትሙም። በሚነሣ የወረቀት መቀነት ላይ ብቻ ያደርጉታል። በዓሉ ሲያልፍ መቀነቱ ይወልቃል፤ ማጉያ መነፅሩ ለልደትም፣ ለትምህርት ቤት መክፈቻም ይሸጣል። ትምህርታዊ ዕቃ ከጌጣጌጥ የሚሻልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ልጅ የሚውጠው ዕቃ

ከቀኑ የባሰ አደጋ ግን አለ። የካልሲ ዕቃ ትንሽ ነው፤ ትንሽ ዕቃ ደግሞ ልጅ አፍ ውስጥ ይገባል። በአሜሪካ ሕግ ዕድሜው 3 ዓመት ላልሞላ ልጅ የሚሸጥ መጫወቻ፣ ራሱም ሆነ ከእሱ የሚሰበር ክፍል፣ 3.17 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው የመፈተኛ ቱቦ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ከገባ አይፈቀድም። ከ3 እስከ 6 ዓመት ላሉት የሚሆን ዕቃ ትናንሽ ክፍሎች ካሉት ደግሞ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ግዴታው ነው።

ሁለት ነገሮች በተለይ ሊታወቁ ይገባል። አንደኛው ጥቃቅንና ኃይለኛ ማግኔት ነው። ልጅ ሁለቱን ከዋጠ በአንጀት ውስጥ እርስ በርስ ተሳስበው ግድግዳውን ሊበሱት ይችላሉ። ሁለተኛው እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ክብ የሆነው ባትሪ ነው። ጉሮሮ ውስጥ ከተቀረቀረ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋ ሊያቃጥል ይችላል። በሁለቱም ላይ አሜሪካ በ2022 ጥብቅ ሕግና ደንብ አውጥታለች። «የሳይንስ መጫወቻ» ተብሎ የሚሸጠው ርካሽ ዕቃ ብዙውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱን የያዘ በመሆኑ ነጋዴው ሳይከፍት ማዘዝ የለበትም።

ሌላው የቀለም ጉዳይ ነው። እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ያለበት ቀለም የተቀቡ መጫወቻዎች በ2007 በሚሊዮን ከገበያ ከተሰበሰቡ በኋላ፣ በ2008 የወጣው ሕግ የልጅ ዕቃ በሦስተኛ ወገን ላቦራቶሪ ተመርምሮ የምስክር ወረቀት እንዲኖረው አስገድዷል። በአውሮፓ ኅብረትም መጫወቻ የሲኢ ምልክት ሳይኖረው አይሸጥም።

ምርመራው ለትንሹ ነጋዴ ይከብደዋል። የአንድ ዕቃ ምርመራ 600 ዶላር ፈጀ ብንል፣ 20 ሺህ ላዘዘው በአንድ ዕቃ 3 ሳንቲም ነው። 2 ሺህ ብቻ ላዘዘው ግን 30 ሳንቲም ይሆንበታል። ዋጋው ጣሪያ ስላለው ይህን ከገዢው ላይ ማካካስ አይችልም። ስለዚህ አሥር ዓይነት ዕቃ ጥቂት ጥቂት ከማዘዝ ሁለት ዓይነት በብዛት ማዘዝ፣ ወይም ሦስት አራት ነጋዴዎች ተባብረው አንድ ትእዛዝ መስጠት ይሻላል። ምርመራውን መዝለል ግን ሒሳብ አይደለም፤ በሰው ልጅ መቆመር ነው።

የ13 ቀን ዕድል

በመጨረሻ ለእኛ ሰዎች የሚቀርበውን እንይ። በዋሽንግተን አካባቢም ሆነ በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ያሉ ኢትዮጵያውያን ልጆች ዲሴምበር 25 ከጓደኞቻቸው ጋር የካልሲውን ወግ ያያሉ፤ ጃንዋሪ 7 ደግሞ ከቤተሰባቸው ጋር ገናን ያከብራሉ። በመካከሉ 13 ቀን አለ። ለፈረንጁ ቸርቻሪ ዕቃው የሚረክስበት ይህ ጊዜ ለሐበሻ ሱቅ ገና የገበያ ጊዜ ነው። ወላጅም ቢሆን ለልጁ የሚሆነውን ከበዓሉ ማግስት ቅናሽ ላይ ሊገዛ ይችላል።

ለዚህ ገበያ የሚስማማ ትምህርታዊ ዕቃ ደግሞ ሩቅ አይፈለግም። «ቨ»ን ሳንቆጥር የአማርኛ ፊደል 33 ረድፍ አለው፤ በሰባት ሰባት ድምፅ 231 ይሆናል። በ33 ካርድ ላይ አንድ አንድ ረድፍ ቢታተም ክብደቱ ቀላል፣ ባትሪና ማግኔት የሌለው፣ ከካልሲ የሚገባ ዕቃ ይሆናል። በውጭ አገር ያደገ ልጅ አያቱን በደብዳቤ ሰላም ለማለት የሚጀምርበት ይሆናል። ካርድም ቢሆን የቀለምና የምስክር ወረቀት ጥያቄ አይቀርለትምና ደንቡን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

እንግዲህ ከዚህ ገበያ ለመግባት ያሰበ ነጋዴ ሦስት ነገር ይጠይቅ። ዕቃው ምን እንደሚያስተምር በአንድ እይታ ይታወቃል ወይ? በወቅቱ ይደርሳል ወይ? ለራሴ ልጅ ካልሲ ውስጥ እከተዋለሁ ወይ? ለሦስቱም «አዎ» ማለት ካልቻለ የዕቃው መርከስ ትርፍ እንዳይመስለው።