አሮጌ ዊንቸስተር ከመግዛትዎ በፊት

አሜሪካ የሚኖሩና አደን የሚወዱ ከሆነ፣ አንድ ቀን «ሞዴል 12» የሚባለው የዊንቸስተር ፋብሪካ ሾትገን ለሽያጭ ቀርቦ ማየትዎ አይቀርም። ሾትገን በአንድ ተኩስ ብዙ ደቃቅ እርሳስ የሚረጭ የአደን ጠመንጃ ነው። ሞዴል 12 በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1912 ጀምሮ እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ኒው ሄቨን ከተማ ተሠርቷል፤ ሁለት ሚሊዮን ገደማ ወጥቷል። እንደ ልብ ስለሚገኝ ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት ያልተነካካውን ነው።

መጀመሪያ ጥይት እንደሌለበት ራስዎ ያረጋግጡ። ሻጩ «ባዶ ነው» ቢልዎትም ከፍተው ይዩ። ይህ ጠመንጃ ምላጩ እንደተሳበ ከተቆለፈ ይተኩሳልና ጣትዎን ከምላጩ ያርቁ።

ከዚያ ገልብጠው ሆዱን ይዩ። ሞዴል 12 ለሁለት የሚፈታ ስለሆነ መለያ ቁጥሩ ሁለት ቦታ ተመቷል፦ አንዱ ምላጩን በያዘው የብረት አካል ላይ፣ ሌላው እዚያው አጠገብ በአፈሙዙ ክፍል ላይ። ቁጥሮቹ ካልገጠሙ አፈሙዙ የሌላ ጠመንጃ ነው። ይተኩስ ይሆናል፤ ዋጋው ግን የሙሉ ጠመንጃ ዋጋ መሆን የለበትም።

አፈሙዙ ተቆርጦ እንደሆነስ በምን ይታወቃል? እዚህ ላይ አይቸኩሉ፤ ብዙ ገዢ የሚታለለው በዚህ ነው። የአፈሙዙ ጫፍ ጠበብ ማለቱ «ቾክ» ይባላል፤ እርሳሱ ቶሎ እንዳይበተን ያደርጋል። ጥበቱ ያለው ጫፉ አካባቢ ብቻ ስለሆነ፣ አፈሙዝ ሲቆረጥ አብሮ ይሄዳል። በአፈሙዙ ግራ በኩል የተጻፈው የቾኩ ስም ግን እንዳለ ይቀራል። «ጌጅ» የአፈሙዝ ስፋት መጠሪያ ነው፤ የ12 ጌጅ አፈሙዝ ውስጡ 18.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ «ፉል»፣ ማለትም ጠባቡ ቾክ፣ ተብሎ ከተጻፈበት ጫፉ ከዚያ በ1 ሚሊ ሜትር ገደማ መጥበብ አለበት። ርካሽ ካሊፐር፣ ማለትም ስፋት መለኪያ፣ ይዘው ይሂዱ። ጽሑፉ «ፉል» እያለ ጫፉ 18.5 ከሆነ ወይ ተቆርጧል፣ ወይ ውስጡ ተሞርዶ ሰፍቷል። የአፈሙዙ ርዝመት ከ18 ኢንች ካነሰና በፌዴራል መንግሥት ካልተመዘገበ ጨርሶ አይግዙት፤ በወንጀል ያስጠይቃል።

ጫፉ ላይ ወፍራም ብረት ከተገጠመለት «ፖሊ ቾክ» ወይም «ከትስ» የሚባለው ቾክ መለወጫ መሣሪያ ነው። ብዙውን ጊዜ እሱን ለመግጠም አፈሙዙ ይቆረጣል፤ ቢያወልቁትም የተቆረጠው አይመለስም።

ቀለሙ አዲስ መስሎ ቢያብረቀርቅ ደስ አይበልዎ፤ ይጠርጥሩ። ብረቱ ላይ ያለው ጥቁር ሰማያዊ ቀለም «ብሉ» ይባላል፤ በኬሚካል የሚወጣ ነው። እንደገና ሲቀባ ብረቱ አስቀድሞ ይፋቃል። ስለዚህ የተቀረጹት ፊደላት ይደበዝዛሉ፣ የብሎን ቀዳዳዎች ጠርዝ ይሰረጉዳል፣ ስለታም ማዕዘኖች ይዶለዱማሉ። ለዚህ ሥራ ብዙ ገንዘብ የከፈለ ሻጭ ወጪውን ከእርስዎ ሊያገኝ ይሞክራል። አይቀበሉት፤ ለሰብሳቢ የተቀባው ካልተቀባው ያንሳል። እኔ አርጅቶ ቀለሙ የሳሳውን እመርጣለሁ።

ሰደፉንም በጣትዎ ይዳስሱት። እንጨቱ ከብረቱ ዝቅ ካለ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቋል። መጨረሻው ላይ ለስላሳ ጎማ ካለ፣ እንጨቱ ለጎማው ሲባል ተቆርጦ ይሆናል። ከምላጩ እስከ ሰደፉ መጨረሻ የተለመደው ርዝመት 14 ኢንች ገደማ ነው፤ በጣም ካነሰ መቆረጡን ይጠርጥሩ።

አንድ ነገር የደኅንነት ጉዳይ ነው። የቀድሞዎቹ 16 ጌጅ ጠመንጃዎች የጥይት መጉረሻ ከዛሬው ጥይት ያጥራል። ረጅሙ ጥይት ይገባል፤ ሲተኮስ ግን አፉ የሚከፈትበት ቦታ አጥቶ ግፊቱ ይጨምራል። ብዙዎቹ በኋላ ተሞርደው ረዝመዋል። ለሰብሳቢ ይህ እንከን ነው፣ ለአዳኝ ግን ጥቅም። የቱ እንደሆነ የጠመንጃ ጠጋኝ ለክቶ ሳይነግርዎ አይተኩሱ።

የተነካካ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ለአደን ከፈለጉት ጎማ የተገጠመለት ደህና ጠመንጃ በቅናሽ ያገኛሉ። በጣም የሚያሰጋው 28 ጌጅ ነው። ብርቅና ውድ ስለሆነ ከ20 ጌጅ አካል እየተቀየረ የሚሸጥ አስመሳይ አለ። እንዲህ ያለ ከቀረበልዎ ሞዴል 12 ጠንቅቆ የሚያውቅ ባለሙያ ለሁለት ፈትቶ ሳያየው ቀብድ እንኳ አይክፈሉ።