ክሎርሄክሲዲን ከጥርስ መነቀል በኋላ

ክሎርሄክሲዲን ጀርም የሚገድል ኬሚካል ሲሆን በቆዳ ማጽጃ፣ በአራስ ሕፃን እትብት ቅባትና በአፍ መጉመጥመጫ መልክ ይቀርባል። በእንግሊዝ አገር የተሠራ ሲሆን ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ይገኛል። ፖዘቲቭ ቻርጅ ስላለው ከባክቴሪያ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ግድግዳውን ያፈርሳል። ድድና ጥርስ ላይም ለሰዓታት ይቆያል።

ጥርስ ሲነቀል ጉድጓዱን የሚሸፍነው የረጋ ደም ነው። ይህ ደም ያለ ጊዜው ከወጣ ወይም ከሟሟ አጥንቱ ይጋለጣል፤ ሕመሙ እስከ ጆሮ ይዘልቃል፣ አፍም ይሸታል። ሁኔታው «ደረቅ ጉድጓድ» ይባላል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ጥርሱ ከተነቀለ ከ1 እስከ 3 ባሉት ቀናት ውስጥ ስለሆነ፣ ለምሳሌ ሞጣ ላይ ጥርሱን አስነቅሎ ደብረ ወርቅ የገባ ሰው ለሁለተኛ ጊዜ መንገድ ይወጣል ማለት ነው። ስለዚህ አስቀድሞ መከላከሉ ትልቅ ነገር ነው።

ኮክሬን የተባለው የጥናቶች ገምጋሚ ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምገማ፣ ከመነቀሉ በፊትና በኋላ በክሎርሄክሲዲን መጉመጥመጥ ወይም ጄሉን ጉድጓዱ ውስጥ ማድረግ ደረቅ ጉድጓድን እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ የማስረጃው ጥራት መካከለኛ ነው። ነገር ግን ጥቅሙ ለሁሉም እኩል አይደለም። አደጋው ከ100 ሰው 1 ብቻ ከሆነ፣ አንድ ሰው ለማዳን 162 ሰዎች መጉመጥመጥ አለባቸው። አደጋው ከ100 ሰው 5 ሲሆን ቁጥሩ ወደ 33፣ 30 ሲሆን ደግሞ ወደ 7 ይወርዳል። ዝቅተኛዎቹ መጠኖች ለተራ የጥርስ መንቀል የሚጠበቁ ናቸው፤ ከፍተኛው በስተመጨረሻ የሚበቅለው መንጋጋ ጥርስ በቀዶ ሕክምና ሲወጣ የሚታይ ነው። ላላ ብሎ በቀላሉ ለተነቀለ ጥርስ መድኃኒቱን መግዛት እምብዛም አያስፈልግም ማለት ይቻላል።

ጉዳትም አለው። ጥርስን ያበልዛል፣ ጣዕም ያዛባል፤ አልፎ አልፎም ከባድ አለርጂ ያስነሣል። በእንግሊዝ አገር ደረቅ ጉድጓድ በክሎርሄክሲዲን ታጥቦላቸው የሞቱ ሁለት ሰዎች ተመዝግበዋል። በመሆኑም ሐኪሙ ቀድሞ ስለ አለርጂ መጠየቅ ይኖርበታል።

በመጀመሪያው ቀን፣ በጨው ውሃም ቢሆን፣ በኃይል መጉመጥመጥ የረጋውን ደም ያስወጣል። መፋቂያም ከቁስሉ መራቅ አለበት። የጥርስ ሳሙና የክሎርሄክሲዲንን ኃይል ስለሚያዳክም በሁለቱ መካከል ግማሽ ሰዓት ያህል መቆየት ይመከራል።