የካሴት ንግድ በጎንደር

በ1955 ዓ.ም. የሆላንዱ ፊሊፕስ ኩባንያ በበርሊን የሬዲዮ ኤግዚቢሽን ያቀረበው ካሴት፥ ለጎንደር ባለሱቅ የዋለው ውለታ ቀላል አይደለም። ሸክላ በጉዞ ይሰበራል፤ ካሴት ግን ከደባርቅ ወዲያ በአህያ ተጭኖ፥ መብራት በሌለበት ደጋ በባትሪ ድንጋይ ያዜም ነበር። ድንጋዩ ሲያልቅ ገዢው መመለሱ ስለማይቀር፥ ነጋዴው ከአንድ ደንበኛ ሁለት ጊዜ ያተርፋል። ጥብጣቡ ቢጠላለፍም በእርሳስ ይጠቀለላል።

ነገር ግን ይኸው ምቹነቱ ጐዳው። በ60 ደቂቃ ባዶ ካሴት ላይ የሰው ዘፈን ገልብጦ መሸጥ እንደ ንግድ ተቈጠረ፤ አንዳንዱ ባለሱቅም፥ እውነቱን ለመናገር፥ ነውር አላለውም። ዘፋኙና አሳታሚው የድካማቸውን ዋጋ አጡ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ሲወጣ፥ የካሴት ገበያ ወደ ማምሻው ተቃርቦ ነበር።

ዛሬ ዘፈን በስልክ ይተላለፋል፤ «እስቲ አሰማኝ» ብሎ ከመደርደሪያው ፊት የሚቆም ደንበኛ ግን ብርቅ ሆኗል።