ጎዳናው ስሙን ሲለውጥ ያልተለወጠው ሲኒማ

በአስመራ ዋና ጎዳና የሚሄድ ሰው ሲኒማ ኢምፔሮን ሳያይ አያልፍም። በቀይ ዳማ ፊቱ ላይ 45 ክብ መብራቶች ቁልቁል ተደርድረዋል፤ ስሙም ከላይ ወደ ታች ተጽፏል። ኢጣሊያዊው አርክቴክት ማሪዮ ሜሲና የነደፈው ይህ ቤት እ.አ.አ. በ1937 ሲሠራ ከከተማዋ ሲኒማ ቤቶች ሁሉ ትልቁ ነበር፤ 1,800 ያህል ተመልካች ይይዛል። ስሙ ግን የኢትዮጵያዊን ጆሮ ይቆረቁራል። ሙሶሊኒ አዲስ አበባ በተያዘች ሰሞን፣ በግንቦት 1928 ዓ.ም.፣ ያወጀውን የቄሳር ግዛት ለማወደስ የተሰጠ ስም ነውና። ታዲያ የወረራ መታሰቢያ ሆኖ የተሠራ ቤት በቅርስነት ሊጠበቅ ይገባዋል? ይገባዋል እላለሁ፤ ሕዝብ የሚሰበሰብበትን ቤት የሠራው መንግሥት የፈለገውን ስም ቢያወጣለትም፣ ትርጉም የሚሰጠው የሚገለገልበት ሕዝብ ነው።

አስመራ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲያ ያደገችው በጦርነት ምክንያት መሆኑ መካድ የለበትም። ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ለመውረር ስትነሣ ኤርትራን መንደርደሪያ አደረገቻት፤ ወታደሩ፣ የእጅ ባለሙያውና ነጋዴው ጎረፈ። እነ ኢምፔሮ፣ ሮማ፣ ኦዴዮንና ካፒቶል የተባሉት ሲኒማ ቤቶች በዚያው ሰሞን ተከታትለው ቆሙ። ግንባታው የኤርትራውያን ጉልበት ፈሶበታል፤ ይሁንና የፋሺስቱ መንግሥት የዘር አዋጆች የአገሩን ተወላጅ ከኢጣሊያውያን ሰፈር፣ ካፌና ሲኒማ ለዩት። የኢምፔሮ አዳራሽ በአንበሳ፣ በኒያላና በዘንባባ ምስሎች አጊጧል። አፍሪካ ለጌጥ ስትፈለግ አፍሪካዊው ግን በገዛ ከተማው ባይተዋር ተደርጎ ነበር። ስለዚህ ቤት የሚነገር ታሪክ ይህን በደል ከዘለለ እውነት አይሆንም።

ኢጣሊያ እ.አ.አ. በ1941 ተሸንፋ ከወጣች በኋላ ግን የኢምፔሮ ዕጣ ተለወጠ። የልዩነቱ ሕግ ቀስ በቀስ ሲላላ ተገፍቶ የቆየው ሕዝብ አዳራሹን የራሱ አደረገው። ፊት ለፊቱ ያለው ጎዳና አንድ ጊዜ በሙሶሊኒ፣ ሌላ ጊዜ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ተጠርቷል፤ ዛሬ ሓርነት ይባላል። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ጎዳናው ስሙን ሲለውጥ ኢምፔሮ ግን ኢምፔሮ እንደተባለ ቀረ። ቃሉ ለከተማው ሰው የቄሳር አዋጅ መሆኑ ቀርቶ የፊልምና የቀጠሮ ቦታ ስም ሆኗል። አዲስ አበባም ለዚህ ምስክር አላት፤ ኢጣሊያውያን ሲኒማ ማርኮኒ ብለው የጀመሩት ሕንፃ በ1948 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሆኖ ተከፈተ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቴአትር ነው።

ይህን ሐሳብ የሚቃወሙ ሰዎች ቁም ነገር አላቸው። አንዳንዶቹ ዩኔስኮ እ.አ.አ. በ2017 አስመራን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ የፋሺስትን ሥራ አከበረ ይላሉ። ሆኖም የተመዘገበችው «ዘመናዊት አፍሪካዊት ከተማ» ተብላ ነው፤ በሌላ አነጋገር ከወራሪው በኋላ የኖሩባትና ያቆዩአት ሰዎችም ድርሻ ተቆጥሯል ማለት ነው። ደግሞስ ሕንፃው ቢፈርስ የሚጠፋው የበደሉ ማስረጃ እንጂ በደሉ አይደለም። ሌሎች ደግሞ ብዙ ችግር ያለበት አገር ለአሮጌ ሲኒማ ገንዘብ ማውጣት የለበትም ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ተዘግቶ የተጎሳቆለውን ካፒቶልን ያየ ሰው ቸልታም ዋጋ እንደሚያስከፍል ይረዳል። ሰው የሚገባበት ቤት ጣሪያው ሲያፈስ ወዲያው ይታያል፤ የተዘጋ ቤት ግን ማንም ሳያይ ይበሰብሳል። ስለዚህ ለኢምፔሮ ትልቁ ጥበቃ በሩ ክፍት ሆኖ ፊልም ሲታይበት መኖሩ ነው።

እንዲህ ያለ ሕንፃ በእጃቸው ያለ ከተሞች ሁሉ ሁለት ነገር አብረው ቢያደርጉ መልካም ነው፤ ቤቱን ይጠግኑ፣ ማን እንደሠራውና ማን እንደተከለከለበትም ሳይሸፋፍኑ ይንገሩ። ኢምፔሮ የተሰየመለት ግዛት አምስት ዓመት ቆይቶ ፈረሰ። ሲኒማው ከ80 ዓመት በኋላም ቆሟል፤ ባለቤቱም የአስመራ ሕዝብ ነው።